ባሕር ማዶ የሚሄድ ተማሪ ክረምቱን ጣና ላይ ይዋል

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፤

በውጭ አገር ስለሚሰጥ የባሕር ሀብት ጥበቃ የመስክ ትምህርት በተነሣ ቁጥር ክርክሩ የሚያጠነጥነው በገንዘቡና በቪዛው ላይ ነው። ሁለቱም ከባድ ናቸው፤ አንክድም። ነገር ግን ገንዘቡ ተገኝቶ፣ ቪዛው ተመትቶ፣ ተማሪው ሞምባሳ ወይም ዛንዚባር ደርሶ ሲመለስ ፎቶግራፍና የምስክር ወረቀት ብቻ ይዞ የሚገባው በሌላ ምክንያት ነው። ወይ ሳይዘጋጅ ሄዷል፣ ወይ ወሩን ስቷል። ይህን የምንጽፈው ጉዞ ለሚያደራጁ የትምህርት ክፍሎች፣ ለሚያመለክቱ ተማሪዎችና ከጉድለታቸው ቆጥበው ለሚልኩ ወላጆች ነው። የምንለው አንድ ነገር ነው፦ ተማሪው ክረምቱን ጣና ላይ ይሠልጥን፣ በጥር ባሕር ይውረድ፣ በመጋቢት ተመልሶ ያንኑ ሥራ ጣና ላይ ይድገም።

ከወሩ እንጀምር። ረጅሙ ዕረፍታችን ክረምት ስለሆነ ጉዞ ሲታሰብ ሐምሌና ነሐሴ ቀድመው ይመጣሉ። በኬንያና በታንዛኒያ ጠረፍ ግን ያን ጊዜ የሚነፍሰው የደቡብ ምሥራቁ ነፋስ ነው፤ የስዋሂሊ ዓሣ አጥማጆች ኩሲ ይሉታል። ኩሲ ባሕሩን ያናውጣል፣ ደለሉን ከታች ያነሣል፣ ትንንሽ ጀልባዎችን ከወደብ እንዳይወጡ ያደርጋል። በሐምሌ የሄደ ቡድን ከአሥር የሥራ ቀን ብዙውን ባሕሩ እስኪረጋ በመጠበቅ ሊጨርሰው ይችላል። ከኅዳር እስከ የካቲት የሚነፍሰው የሰሜን ምሥራቁ ነፋስ ካስካዚ ይባላል፤ በእሱ ጊዜ ባሕሩ ይለዝባል፣ ውኃውም ይጠራል። በጅቡቲ የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዌል ሻርክ የተባሉት ግዙፍ ዓሦች በብዛት የሚታዩትም ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው መንፈቅ ፈተና እንዳለቀ ያለችው አጭር ዕረፍት ለዚህ ጉዞ ከክረምቱ ሁሉ ትበልጣለች።

ክረምቱስ? ክረምቱ የጣና ነው። በዓለም ሌላ የትም የማይገኙት፣ ቁጥራቸው 15 ያህል የሆነው የጣና ላቤኦባርበስ ዓሣ ዝርያዎች ግማሽ ያህሉ ለመራባት ከሐይቁ ወጥተው ወደ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ የሚገቡት ጎርፉ በሚያይልበት ወቅት ነው፤ የሚበዙትም በነሐሴና በመስከረም ነው። በወንዙ አፍ ላይ የተዘረጋ መረብ እንቁላሏን ያዘለችውን እናት ዓሣ ሳትጥል ይይዛታል። ተማሪው ይህን በዓይኑ አይቶ፣ ከአስጋሪዎች ጋር ተነጋግሮ፣ በማረፊያው የወጣውን ዓሣ ለክቶ ከሆነ፣ በኋላ በባሕሩ ዳር ስለ ዓሣ ማጥመጃ ክልከላ ሲነገረው ከመጽሐፍ የመጣ ነገር አይመስለውም። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለን። በመራቢያው ወቅት ተማሪዎች ለትምህርት ብለው በወንዝ አፍ መረብ አይዘርጉ። አስጋሪው ያወጣውን መለካት ይበቃል፤ የዓሣውን ርዝመት፣ ክብደት፣ የእንቁላሉን ደረጃ፣ የመረቡን ርዝመትና የዓይኑን ስፋት፣ መረቡ ውኃ ውስጥ ያደረበትን ሰዓት። ያለ መጨረሻዎቹ ሦስቱ የዓሣው ቁጥር ትርጉም የለውም። ሃያ ዓሣ በ100 ሜትር መረብና ሃያ ዓሣ በ1,000 ሜትር መረብ አንድ አይደለም።

የጎጃም ልጅ ባሕር ምን ያደርግለታል ለሚሉ አንድ ነገር እናስታውስ። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1964 ውኃ መያዝ ከጀመረ በኋላ፣ በናይል አፍ ፊት ለፊት በሜዲትራኒያን ይጠመድ የነበረው የሰርዲን ዓሣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ክፉኛ ወደቀ። በየክረምቱ ከእኛ ደጋ ታጥቦ የሚወርደው አፈር የያዘው ምግብ ግድቡ ውስጥ ቀረና ነው። የጮቄ አፈርና የሰርዲን መረብ በአንድ ገመድ የተያዙ ናቸው።

አሁን ወደ ሰዓት እንምጣ፤ በዚህ የሚጠፋ የሥራ ቀን ብዙ ነውና። የባሕሩ መሙላትና መጉደል የሚታወቀው በታተመ ሠንጠረዥ ነው። ከአንዱ ሙላት እስከ ቀጣዩ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ስለሆነ፣ ከሙላት እስከ ጉድለት ከ6 ሰዓት ጥቂት ይበልጣል። የእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከዓለም አቀፉ የሚለየውም በዚያው በ6 ሰዓት ነው። ሠንጠረዡ ላይ ለጉድለት 10:15 ተብሎ የተጻፈውን ተማሪው በልማድ «አሥር ሰዓት ከሩብ» ብሎ ከያዘው፣ የባሕር ሣር ሊቆጥር የሚወርደው ባሕሩ ጢም ብሎ ሲሞላ ነው። በኬንያና በዛንዚባር ጠረፍ የታላቁ ሙላትና የጉድለቱ ልዩነት ወደ 4 ሜትር ይጠጋል፤ ጧት በእግር የተሄደበት ቦታ ከሰዓት በኋላ ሰው ያሰጥማል። ስለዚህ ከጉዞው በፊት ሠንጠረዡ ታትሞ ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን የእኛው ሰዓት በቀይ ይጻፍ፤ «10:15፣ ጧት 4 ከሩብ» ተብሎ። በነገራችን ላይ የስዋሂሊ ሕዝብም እንደ እኛ ከንጋት ጀምሮ ይቆጥራል። ጀልባ ነጂው «ሳ ንኔ» ካለ የእኛው አራት ሰዓት ነው። ከሰው ጋር መቀጣጠር በዚህ በኩል ይቀልለናል፤ የሚያሳስተው ወረቀቱ ነው።

የጉዞው ቀንም በጨረቃ ይወሰን። ታላቁ ሙላትና ታላቁ ጉድለት የሚመጡት ጨረቃ ስትሞላና አዲስ ስትወጣ ነው፤ ግማሽ ስትሆን ልዩነቱ ይጠብባል፣ የውኃው ፍሰትም ይቀንሳል። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው የጨረቃዋን ሌሊት በጣቱ ቆጥሮ ያወጣዋል፤ ተማሪዎችም ቢማሩት መልካም ነው። አሥራ አራት ቀን የሚቆይ ጉዞ አንድ ታላቅና አንድ ትንሽ ሙላት ስለሚይዝ የሚበቃ ነው። የባሕር ሣሩና የማንግሮቩ (በጨው ውኃ ዳር የሚበቅለው ዛፍ) ሥራ ታላቁ ጉድለት ባለባቸው አራትና አምስት ቀናት ይደረግ፤ በኮራሉ ላይ፣ ማለትም ደቃቅ የባሕር እንስሳት በሠሩት ዐለት ላይ የሚዋኙበት ሥራ ፍሰቱ ለሚደክምባቸው ቀናት ይቀመጥ። ሰባት ቀን ብቻ የሚቆይ ጉዞ ከሁለቱ አንዱን ያጣል።

ስለ መሣሪያ ብዙ ብር አያስፈልግም፤ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። ለባሕር ሣር ቆጠራ የተለመደው አሠራር እንዲህ ነው፦ 50 ሜትር ርዝመት ያላቸው ሦስት መስመሮች ጎን ለጎን በ25 ሜትር ርቀት ይዘረጋሉ፤ በየመስመሩ ከዜሮ ጀምሮ በየ5 ሜትሩ 50 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኳድራት፣ ማለትም አራት ማዕዘን ፍሬም ይጣላል። በአንድ መስመር 11፣ በሦስቱ 33 ይሆናል። ፍሬሙ ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ ከማንኛውም የቧንቧ ዕቃ መሸጫ በሚገዛ ግማሽ ኢንች የፕላስቲክ ቧንቧና በአራት ኤልቦ (የማዕዘን መገጣጠሚያ) ይሠራል። ስሕተቱ የሚመጣው አራት ባለ 50 ሴንቲ ሜትር ቁራጭ ቆርጦ ዝም ብሎ ሲገጥሙት ነው። ቁራጩ ኤልቦው ውስጥ ስለሚገባና ኤልቦውም የራሱ ውፍረት ስላለው የውስጡ ስፋት 50 አይወጣም። መለካት ያለበት የውስጡ ነው፤ የውስጡ ጎን 48 ቢሆን ጎን በጎን ተባዝቶ የሚገኘው ስፋት ከሚፈለገው 8 በመቶ ያህል ያንሳል፣ ይህም በ33ቱ ሁሉ ላይ ይደገማል። ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ጎን ብቻ ገጥሞ መለካት፣ ከዚያ የቀሩትን በእሱ ልክ መቁረጥ ነው። ከተገጠመ በኋላ በየጎኑ አራት አምስት ቦታ በመሰርሰሪያ ይበሳ፤ ካልተበሳ አየር ይይዝና ይንሳፈፋል። መስመሩ የሚዘረጋበት ሜትር ፋይበር ይሁን፤ የብረቱ በጨው ውኃ በሁለት ቀን ይዝጋል።

የውኃ ጥራት የሚለካበት ሴኪ ዲስክም በእጅ የሚሠራ ነው። 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ቆርቆሮ በአራት ተከፍሎ ተሻግሮ ጥቁርና ነጭ ይቀባል፣ ከሥሩ ክብደት ይታሰራል። ገመዱ ላይ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ምልክት ከመደረጉ በፊት አንድ ሌሊት ውኃ ውስጥ ይደር፤ አዲስ ናይሎን ሲርስ ይረዝማልና። ልኬቱ ከጧቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት፣ በጀልባው ጥላ በኩል፣ ያለ ጥቁር መነጽር ይወሰዳል። ሲወርድ የጠፋበትና ሲወጣ የታየበት ጥልቀት ተደምሮ ለሁለት ይካፈላል። ክረምት ላይ በጣና ወንዞች አፍ አካባቢ አንድ ሜትር ሳይወርድ የሚጠፋው ዲስክ በካስካዚ ወቅት በኮራል አጠገብ ከሥር አሸዋ ላይ ተቀምጦ ሊታይ ይችላል። ያን ጊዜ የሚጻፈው የታችኛው ጥልቀት ሳይሆን «ከዚህ ይበልጣል» የሚለው ነው።

ይህ ልዩነት ዋና ነገር ያስተምራል። በኮራል ላይ ዓሣ የሚቆጠረው በዓይን ነው። ሪፍ ቼክ በሚባለው አሠራር 100 ሜትር መስመር ተዘርግቶ 20 ሜትር በሆኑ አራት ክፍሎች ይከፈላል፣ በመካከላቸው 5 ሜትር ክፍተት ይተዋል፣ ዓሣው በ5 ሜትር ስፋት ውስጥ ይቆጠራል፤ የታችኛው ወለል ደግሞ በየግማሽ ሜትሩ፣ በአጠቃላይ 160 ነጥብ ላይ ይመዘገባል። ይህን እንዳለ አምጥቶ ጣና ላይ ዓሣ ለመቁጠር መሞከር ከንቱ ነው፤ ምንም አይታይም። የሚመጣው ከሥሩ ያለው አስተሳሰብ ነው፦ ቦታው በምርጫ ሳይሆን በዕጣ መውጣቱ፣ ልኬቱ መደጋገሙ፣ ምንም ያልተገኘበት ቦታ በዜሮ መመዝገቡ። ተማሪ ዜሮ መጻፍ ያፍራል፤ ባዶ ይተወዋል። ባዶ «አልለካሁም» ነው፣ ዜሮ «ለክቼ አጣሁ» ነው።

በዓይን መቁጠርም ቢሆን በየብስ መለማመድ ይፈልጋል። በመነጽር ውስጥ ነገር ሁሉ በሢሶ ያህል ተልቆ፣ በሩብ ያህልም ቀርቦ ይታያል፤ ያልተለማመደ ዓይን ትንሹን ዓሣ ትልቅ፣ ስድስት ሜትር የራቀውን አምስት ሜትር ውስጥ ያለ ያደርገዋል። ከካርቶን ወይም ከቀጭን ጣውላ ከ5 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሃምሳ ዓሣዎች ቆርጦ፣ ርዝመታቸውን በጀርባ ጽፎ፣ በመጀመሪያ በሜዳ፣ ከዚያ ጣውላውን በክብደት አስጥሞ በመዋኛ ገንዳ ውስጥ ማስገመት ይቻላል። ስሕተቱ ከ5 ሴንቲ ሜትር እስኪወርድ መደጋገም ነው።

ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ያለው የትምህርት ክፍል ሁለት ነገር ይጠንቀቅ። ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅም መለኪያው የጣናን ውኃ ይለካል ማለት ባሕሩን ይለካል ማለት አይደለም። የጣና ውኃ በሴንቲ ሜትር 200 ማይክሮ ሲመንስ አይሞላም፤ ባሕሩ ወደ 50,000 ነው። ጣሪያው 20,000 የሆነ መለኪያ እዚያ ሲደርስ ስሕተት ብቻ ያሳያል። ሁለተኛው ኦክስጅን ነው። ባሕር ዳር ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች የአየር ግፊታችን ከባሕር ወለል አራት አምስተኛ ያህል ነው፤ ግፊቱን ራሱ የማይለካ መሣሪያ እዚህ ተስተካክሎ እዚያ ሳይስተካከል ከተነበበ ከሃያ በመቶ በላይ ይዋሻል። በ25 ዲግሪ ንጹሕ ውኃ በባሕር ወለል በሊትር 8.3 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። ያው ውኃ በእኛ ከፍታ 6.6 ያህል ይይዛል። ጨዋማው የባሕር ውኃ ደግሞ እዚያው በባሕር ወለል 6.7 ያህል ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ተቀራራቢ መሆናቸውን አይቶ ምክንያቱ አንድ ነው ያለ ተማሪ ተሳስቷል፤ እዚህ ከፍታው፣ እዚያ ጨው ነው የቀነሰው።

ዋና የማይችል ተማሪ በኮራል ላይ አይሠማራ። መለኪያው ግልጽ ነው፦ 200 ሜትር ሳያቋርጥ መዋኘት፣ 10 ደቂቃ ያለ ድጋፍ መንሳፈፍ። ብዙ የደጋ ልጆች ከዜሮ ስለሚጀምሩ በሳምንት ሁለት ቀን ቢያንስ ሁለት ወር ይፈልጋሉ። ልምምዱ በመዋኛ ገንዳ ይሁን እንጂ በጣና ዳር ደንገልና ሣር ባለበት ጥልቀት በሌለው ውኃ አይሁን፤ ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ የሚኖረው እዚያ ነው። በመስክ ሥራ ምክንያት ውኃው የነካው ሰው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይቶ ይመርመር። ወዲያው መድኃኒት መዋጥ አይጠቅምም፣ ፕራዚኳንቴል ያልበሰለውን ትል በደንብ አይገድለውምና። ጣና ላይ ጀልባ በጧት ይውጣ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሣል። የሕይወት ጃኬት በሰው ቁጥር ልክ ካልሆነ ጉዞው ይቅር።

የአየር ሲሊንደር ተሸክመው የሚጠልቁ ካሉ ለመጨረሻ ጊዜ ከጠለቁበት እስከ በረራው ቢያንስ 18 ሰዓት ይለፍ፤ እኛ 24 እንላለን። ለምን ቢባል የአውሮፕላኑ ውስጥ ግፊት ከ2,400 ሜትር ከፍታ ያህል ነው፤ ሌላው አገር ሲያርፍ ወደ ሙሉ ግፊት ይመለሳል፣ የእኛ መንገደኛ ግን የሚያርፈው 2,300 ሜትር ላይ ባለችው አዲስ አበባ ነው። ሲጠልቅ በግፊት ገብቶ በደሙ የቀረው፣ ግፊት ሲቀንስ አረፋ የሚሆነው ናይትሮጅን እፎይ የሚልበት ቆላ የለም። ስለዚህ የመጨረሻው ሙሉ ቀን የማንግሮቭ ቀን ይሁን።

በማንግሮቩ የዛፍ ውፍረት የሚለካው እንደ ዘጌ ደን ዛፍ በ1.3 ሜትር ከፍታ ነው፤ ሪዞፎራ የተባለው ዝርያ ግን ሥሩ ከግንዱ ላይ እንደ ምርኩዝ ስለሚወርድ ከላይኛው ሥር 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይለካል። ይህን ያላወቀ ቡድን ግንድ ብሎ ሥር ይለካል። በኬንያ ጋዚ የባሕር ጠረፍ መንደሮች ማንግሮቩን ጠብቀው የካርቦን ሽያጭ የሚያገኙበት ሚኮኮ ፓሞጃ የተባለ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2013 ተጀምሯል፤ ገቢው ለውኃና ለትምህርት ቤት ውሏል። የጣናን ዳር ደንገል ለማዳን ለምናስብ ሁሉ አንድ ሙሉ ቀን የሚገባው ቦታ ነው።

የኮራል ስባሪ በሻንጣ አይምጣ፤ ሞቶ በአሸዋ ላይ የተገኘም ቢሆን። ድንጋያማ ኮራሎች ያለ ፈቃድ ድንበር እንዳይሻገሩ በዓለም አቀፍ ስምምነት የተከለከሉ ናቸው። ናሙና የሚነከርበት ከ70 በመቶ በላይ የሆነ አልኮልም በአውሮፕላን ሻንጣ አይጫንም። መምጣት ያለበት ወረቀቱ ነው፦ በውኃ ውስጥ በእርሳስ የተሞላው ቅጽ በየምሽቱ ፎቶ ይነሣ፣ ከመመለስ በፊት ቅጂው ለአስተናጋጁ ጣቢያ ይሰጥ፣ ሌላው ከቡድኑ ጋር ይምጣ።

መጋቢት ላይ ያው ቡድን ያንኑ 33 ኳድራት በጣና ዳር እምቦጭ ላይ ይጣል። ግን የተበሳው ፍሬም እዚህ አይሆንም፤ ተንሳፋፊ አረም የሚቆጠረው በሚንሳፈፍ ፍሬም ነው። ሁለተኛ፣ ያልተበሳና በሙጫ የታሸገ ፍሬም ይሠራ፤ አንዱ ጎኑም ቧንቧ ሳይሆን የሚፈታ ገመድ ይሁን፣ አለዚያ ከእምቦጩ ግንድ በላይ ይቆማል እንጂ ውኃው ላይ አይወርድም። የባሕር ሣር ባለበት ይጠብቃል፣ እምቦጭ ግን ነፋስ ባዘዘው ይሄዳል፤ ስለዚህ መስመሩ ከአረሙ ሳይሆን ከዳሩ ቋሚ ምልክት ይጀምር፣ የነፋሱ አቅጣጫ ይመዝገብ፣ ሦስቱም መስመሮች በአንድ ጧት ይለቁ። በዚህ ልክ በየዓመቱ ቢሠራ፣ ከእ.ኤ.አ. 2011 ጀምሮ ሐይቁን ያስጨነቀን አረም የቱ ጋ እንደቀነሰና የቱ ጋ እንደጨመረ የተማሪዎቻችን ደብተር ይናገር ነበር።

ለአስተናጋጁ ከመክፈል በፊት በጽሑፍ የሚጠየቁ ጥያቄዎች አሉ። የምርምር ፈቃዱ በማን ስም ነው? የሚለቀመው መረጃ የት ይገባል፣ ለእኛስ ይሰጠናል? ባለፈው ዓመት በዚያው ቦታ የተለካ አለ? ጀልባው ላይ ኦክስጅንና ሬዲዮ አለ? አንድ መምህር ውኃ ውስጥ ስንት ተማሪ ይይዛል? ለመጀመሪያዎቹ ሁለት መልስ የማይሰጥ ድርጅት የሚሸጠው ሽርሽር ነው። በተለይ «ኮራል ትተክላላችሁ» የሚል ማስታወቂያ ሲመጣ፣ አምና የተተከለው ስንቱ ጸደቀ ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ለጥር ጉዞ ደብዳቤው በግንቦት ይላክ። ፓስፖርቱ ከመመለሻው ቀን በኋላ ስድስት ወር ይቅረው። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ የሚጸናው ከተወጉ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ በታኅሣሥ መጀመሪያ ይወሰድ፤ የወባ መከላከያውንም ሐኪም ያኔውኑ ይዘዝ። ፍሬሙ፣ ዲስኩና የጣውላ ዓሣዎቹ ግን ከሐምሌ በፊት ተሠርተው ይቀመጡ፤ ነሐሴ ላይ ጣና ስንወጣ እንፈልጋቸዋለንና።

ከአክብሮት ጋር፣
በባሕር ዳር ስለ ሐይቅና ስለ ውኃ ሕይወት የምናስተምር መምህራንና የላቦራቶሪ ባለሙያዎች
ጎጃም